ማስተካከያ፦ «ሉግዱኑም» ሊዮን እንጂ ላይደን አይደለችም

የአውሮፓ ከተሞችን ጥንታዊ የላቲን ስሞች የሚዘረዝር አንድ ምስል ሰሞኑን በስፋት ሲጋራ ቆይቷል። በውስጡ «ሉግዱኑም፦ የዛሬዋ ላይደን፣ ኔዘርላንድስ» ይላል። ይህ ስህተት ነው።

ሉግዱኑም የፈረንሳይዋ ሊዮን ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43 ሮማዊው የጦር መሪ ሙናቲዩስ ፕላንኩስ ቆረቆራት፤ ንጉሠ ነገሥት ክላውዲዮስም የተወለደው እዚያ ነው።

ውዥንብሩ ግን መነሻ አለው። በኔዘርላንድስ የባሕር ዳርቻም ሉግዱኑም የተባለ የሮማውያን ሰፈር ነበር። የህዳሴ ዘመን ምሁራን ያ ሰፈር ላይደን ናት ብለው «ሉግዱኑም ባታቮሩም» አሏት፤ በ1575 የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲዋም ይህንኑ ስም ያዘ። ሆኖም የሮማውያንን መንገዶች የሚያሳየው የፔውቲንገር ካርታ (ዛሬ ያለው የመካከለኛው ዘመን ግልባጩ ነው) ሉግዱኑምንና ማቲሎ የተባለውን ሌላ የሮማውያን ሰፈር ለየብቻ ያስቀምጣል። የማቲሎ ምሽግ ደግሞ በቁፋሮ የተገኘው እዚያው ላይደን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ በላይደን የነበረው ማቲሎ እንጂ ሉግዱኑም አይደለም። ሉግዱኑም በባሕር ዳርቻዋ የካትዋይክ ከተማ አካባቢ እንደነበረ ይታመናል። የላይደን የላቲን ስም ያምርባታል፣ ግን የተዋሰችው ነው።

በምስሉ ተመርታችሁ የአሮጌ መጽሐፍ የኅትመት ቦታ የመዘገባችሁ ካላችሁ መልሳችሁ እዩት። በርዕስ ገጹ ግርጌ «ሉግዱኒ» (በላቲን «በሉግዱኑም» ማለት ነው) ብቻ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ሊዮን ማለት ነው። «ሉግዱኒ ባታቮሩም» ወይም በአጭሩ «ሉግድ. ባት.» ካለ ላይደን ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በታተሙ የኤልዘቪር ማተሚያ ቤት መጻሕፍት ላይ በብዛት የምታገኙት ይህን ሁለተኛውን ነው።