ልብሱን ገልጠሽ ቁጠሪ

ከምኖርበት ከአሜሪካ፣ ከሚኒሶታ፣ ሐዋሳ የገባሁት ለጥምቀት ነው፤ ከ4 ዓመት በኋላ። አቶቴ ያለው የእናቴ ቤት ሰው ሞልቶ ጠበቀኝ። እንባው፣ እልልታው፣ ቡናው ሁሉም በቦታው ነበር። የእህቴ የ3 ዓመት ልጅ ብቻ ሶፋ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ምን ሆኖ ነው ስል "ምንም አይደል፣ ጉንፋን ነው" አሉኝ ሁሉም ባንድ አፍ።

ግንባሩን ነካሁት፤ ይፋጃል። እህቴ እንደነገረችኝ ጠዋት ግቢ ውስጥ ኳስ ሲያባርር ነበር። ከሰዓት "እግሬን አመመኝ" ብሎ ተኛ፣ በዚያው አልተነሳም። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ጉንፋን እንዲህ አይመጣም። ጉንፋን ቀስ እያለ ነው የሚገባው፤ መጀመሪያ ማስነጠስ፣ ከዚያ ንፍጥ፣ ልጁም እያስነጠሰ መጫወቱን አይተውም። ኢንፍሉዌንዛ ግን ድንገት ይጥላል። ትኩሳቱ፣ ብርድ ብርድ ማለቱ፣ ራስ ምታቱ፣ ቁርጥማቱና ደረቁ ሳል ተከታትለው ይመጣሉ፤ ልጆች ላይ ደግሞ ማስመለስና ተቅማጥም አለ።

እኛ ሁለቱንም ጉንፋን ብለን እናልፋለን። በሽታውን ስለማናውቀው አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ሀገሩን የጨረሰው የህዳር በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ዓለምን ያዳረሰው ያው ወረርሽኝ። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ዛሬም ህዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን እናጥናለን። ጭሱን ይዘን የበሽታውን ስም ረሳነው፤ ጭሱ ደግሞ ለሚያስል ሕፃን ጭራሽ አይሆንም።

ሚኒሶታ ውስጥ የራሴ ልጅ በ4 ዓመቱ ልክ እንዲህ ወድቆብኝ ነበር። ጥር ነው፣ ውጭው በረዶ፣ ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ላይ። ሌሊት ለሚሠራ የነርስ ስልክ ደወልኩ። ሴትየዋ ተረጋግታ ጠየቀችኝ። ይጠጣል? ሽንት ሸንቷል? ስታናግሪው ያይሻል? ከዚያ "ልብሱን ገልጠሽ የደረቱን እንቅስቃሴ ለ1 ደቂቃ ቁጠሪ፣ እኔ እጠብቅሻለሁ" አለችኝ። በስልክ መብራት ቆጠርኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠዋት ክሊኒክ አፍንጫውን በጥጥ ነክተው መረመሩትና ወዲያው ፍሉ ነው፣ ኢንፍሉዌንዛ ማለት ነው፣ አሉ። 48 ሰዓት ስላልሞላው ታሚፍሉ የሚባለው የፍሉ መድኃኒት ታዘዘለት። ያ መድኃኒት በደንብ የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነው።

ሁሉም ነገር በሥርዓት ሄደ። ግን በ5 ቀን ውስጥ በራችንን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። አጥሚት የሚያፈላ የለም፣ ሌላኛዋን ልጅ የሚይዝልኝ የለም፣ ሥራ ደግሞ አይጠብቅም። የሕፃናት መዋያው ደንብ አለው፤ ልጁ ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ትኩሳት ሳይኖረው ካልቆየ አይመለስም። እኔ በ4ኛው ቀን ጠዋት የትኩሳት ማብረጃ ሰጥቼ ላክሁት። ከ2 ሰዓት በኋላ ደወሉልኝ። የሰው ልጆች መሀል ነበር ያስቀመጥኩት፤ ይሄ እስከዛሬ ይቆጨኛል። እዚያ ብዙ እናት እንዲህ እንደምታደርግም አውቃለሁ፤ ደንቡ ያውቅልሻል እንጂ አያግዝሽም።

ሐዋሳ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ገና ሳይመሽ አንዷ ጎረቤት ዳማ ከሴ አሽታ መጣች፣ አንዷ ዝንጅብል በማር ይዛ፣ እናቴ አጥሚት ጣደች። ልጁ ከእቅፍ እቅፍ ሲዞር አመሸ። ይሄንን ሚኒሶታ ላይ በምን ገንዘብ እገዛው ነበር? ማሩ ለሱ ጥሩ ነው፣ ሳሉን ያለሰልሳል፤ 1 ዓመት ላልሞላው ግን በፍጹም አይሰጥም። ችግሩ ሌላ ነው። 11 ሰው አንድ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቶ፣ ልጁ በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ተደርቦበት፣ ገቢው ሁሉ እየሳመው። የወንድሜ የ2 ወር ጨቅላም እዚያው ታቅፋለች። መስኮት ስከፍት እናቴ ተነስታ ትዘጋለች፤ "ብርድ ይመታዋል ልጄ"። በባጃጅም በታክሲም ያው ነው። በሽታው ግን በነፋስ አይመጣም፤ ካንዱ ሰው ትንፋሽና እጅ ወደ ሌላው ነው የሚሄደው፣ ያውም የያዘው ሰው ገና መታመሙን ሳያውቅ፣ ከ1 ቀን በፊት ጀምሮ። ጨቅላዋን ይዘው ወደ ጓዳ እንዲገቡ ለመንኩ። እሺ አሉኝ፣ ቅር እያላቸው።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ በኔው ሻንጣ ምክንያት ነው። እህቴ አመሻሽ ላይ የፓራሲታሞል ሽሮፕ ሰጥታዋለች። ከ1 ሰዓት በኋላ እናቴ እኔ ያመጣሁትን ታይሌኖል ከፍታ በሾርባ ማንኪያ ልትሰጠው ስትል ደረስኩ። "ያኛው የሀገር ውስጥ ነው፣ ይሄ የአሜሪካ ነው" አለችኝ። ታይሌኖል ግን ፓራሲታሞል ነው! ስሙ ብቻ ነው የተለየው። ሁለቱን ጠርሙስ ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኩ። የሀገር ቤቱ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም፣ የኔው 160። ልኩ ደግሞ በኪሎ ነው፤ 14 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ140 እስከ 210 ሚሊግራም፣ ቢያንስ 4 ሰዓት እያራራቁ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳያልፍ። ከዚያ በላይ ሲሆን ጉበት ይጎዳል። ስንቶቻችን ነን ይሄን ጠርሙስ ለዘመድ የምንልከው፣ መለኪያውን ሳናስረዳ? አስፕሪን ደግሞ ለልጅ አይሞከርም፤ ከፍሉ ጋር ሲሆን ጉበትና አንጎል ላይ የሚደርስ ከባድ ጣጣ ያመጣል።

ለሳሉ ፋርማሲ ሄጄ ደግሞ ምንም ሳይጠይቁኝ አሞክሳሲሊን አወጡልኝ። ፍሉ ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ፍሉው ወደ ሳንባ ምች ከተሸጋገረ ያስፈልግ ይሆናል፣ ያን ግን መርማሪ ይወስነው።

ማታ ጎረቤታችን ሲስተር ከጤና ጣቢያ ተራዋን ጨርሳ ብቅ አለች። ልጁ እያለቀሰ ነበር። "ሲያለቅስ አይቆጠርም" ብላ እስኪረጋጋ እናቱ እቅፍ ውስጥ ተወችው። ከዚያ "እማማ፣ ጋቢውን አንዴ ላንሳው" አለች። ልብሱን ገለጠች፣ ስልኳ ላይ 1 ደቂቃ ያዘች፣ ዝም ብላ ደረቱን አየች። ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ። እኔ ግን የሚኒሶታዋ ነርስ ድምፅ ነው የተሰማኝ፤ ያችው ጥያቄ፣ ያው አንድ ደቂቃ።

"34" አለች። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ይባላል። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ2 ወር በታች 60። ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የገባለትን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይ ፈዞ አልነቃ ካለ ሌሊትም ቢሆን ጤና ጣቢያ ነው። ተሽሎት ትኩሳቱ እንደገና ከተነሳም እንደዚያው። ይሄን ሁሉ ስትነግረን እናቴ በዝምታ ሄዳ ብርድ ልብሱን አነሳች። መስኮቱንም ከፈተችው!

ሲስተር አንድ ነገር ጨመረች። "ነገ ጠዋት ደሙ ይታይ።" ልክ ናት። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ናት፣ ወባ አለ፤ ሳይመረመር ፍሉ ነው ብሎ መተኛት አይቻልም። ተመረመረ፣ ወባ አልተገኘበትም። ልጁ በ5ኛው ቀን ወደ ኳሱ ተመለሰ፣ ሳሉ ግን 2 ሳምንት ቆየበት። ውጭ የምትኖሩ እናንተም ከሀገር ቤት ተመልሳችሁ ልጃችሁ ቢያተኩሰው እዚያ ላለው ሐኪም ወባ ካለበት አገር መምጣታችሁን ቀድማችሁ ንገሩት፤ እሱ ላያስበው ይችላል።

ደግሞ ለገናና ለጥምቀት የምንገባው አሜሪካ ፍሉ በሚበረታበት ወቅት ነው። ክትባቱ ከ6 ወር ጀምሮ ላለ ሰው በየዓመቱ ይሰጣል፤ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ የመጀመሪያው ከሆነ 4 ሳምንት አራርቆ 2 ጊዜ ይወስዳል። እስኪሠራም 2 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ሀገር ቤት በመደበኛው የልጆች ክትባት ውስጥ የለም። ስለዚህ ከጉዞ በፊት መከተብ ያለብን እኛ ነን። እያሳለን ደርሰን አሮጊት እናትና ነፍሰ ጡር እህት ላይ መጠምጠም ደግሞ ይቅርብን፤ ናፍቆቱ 5 ቀን ይጠብቃል።

በሚቀጥለው ሽሮፕ አላመጣም። ሚሊ ሊትር የተጻፈባቸው መለኪያ ሲሪንጆች ነው የምጭነው፣ እህቴ 5 ፍሬ ብላኛለች። ሲስተር ደግሞ 2 ቴርሞሜትር አዛኛለች፤ አንዱ ለቤቷ፣ አንዱ ለሰፈሩ።