የዴንቨር ጋራዥ፣ የአዳማ ግቢ

ዴንቨር ወይም አጠገቧ ባለችው አውሮራ እየኖረ አዳማ ላይ ቤት የሚያሠራ ሰው፣ ከሰርቪሱ ጎን ለእንጨትና ለብየዳ ሥራ የሚሆን ቤት ሲያስብ በዓይኑ የሚመጣው የአሜሪካው ጋራዥ ነው፦ 24 በ24 ጫማ፣ ማለትም 7.3 በ7.3 ሜትር፣ ከመኖሪያው ተነጥሎ በስተኋላ የቆመ፣ ወደ ላይ የሚከፈት ሰፊ በር ያለው። ፕላኑን ከስልኩ ላይ ለፎርማኑ ይልክና ሥራው ይጀመራል። ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል። ያ ፕላን የተሠራው ለዴንቨር ብርድና ለአሜሪካ መብራት ነው፤ አዳማ ደግሞ የራሷ ነፋስ፣ አቧራ፣ ሙቀትና ጎርፍ አላት።

ከዴንቨር መወረስ ያለበት የማቀድ ልማዱ ነው። ዴንቨር ላይ ነገሩን በቁም የያዘ ሰው ግድግዳ ከመቆሙ በፊት የእያንዳንዱን ማሽን ቦታ ወረቀት ላይ ይጨርሳል። አገር ቤት ብዙ ጊዜ ግድግዳው ቆሞ፣ ቆርቆሮው ተመትቶ፣ ሊሾው ደርቆ ካበቃ በኋላ ነው ማሽን የሚገባው። ያን ጊዜ ሶኬቱ ከማሽኑ ጀርባ ተደብቆ ይገኛል፣ በሩም ከመጋዙ ጋር ይጋጫል፤ ለማስተካከል ብሎኬት መቦርቦር ይመጣል። 1 ሜትርን በ5 ሴንቲ ሜትር ወክሎ ወለሉን ካርቶን ላይ መሳል ይህን ሁሉ ያስቀራል። ማሽኖቹንም በዚያው ልክ ከካርቶን ቆርጦ ማዘዋወር ነው። ሲቆረጡ ግን ሠራተኛው የሚቆምበትና እንጨቱ የሚያልፍበት ቦታ አብሮ ይቆጠር።

ሁሉን የሚወስነው የኮምፔንሳቶና የኤምዲኤፍ ገበታ ልክ ነው፤ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር፣ ዴንቨርም አዳማም ያው። አንዱን ሙሉ ገበታ በቁመቱ ለመሰንጠቅ ከባለ ጠረጴዛው መጋዝ ፊት 2.5 ሜትር፣ ከኋላው 2.5 ሜትር፣ ለማሽኑ ራሱ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስፈልጋል፤ ድምሩ 5.8 ሜትር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አዳማ ላይ ቤቱ «6 በ7 ሜትር» ይሁን ቢባልና ይህ የውጭ ልክ ከሆነ፣ የሁለቱ ወገን ባለ 20 ሴንቲ ብሎኬት ሲቀነስ አጭሩ ጎን 5.6 ሜትር ብቻ ይቀራል፤ ገበታው ሳያልቅ ግድግዳ ይነካል። ስለዚህ መጋዙ በረጅሙ ጎን ይቀመጥ፤ ቦታ ከጠበበም የሚወጣው እንጨት በተከፈተው በር በኩል እንዲያልፍ ወደ በሩ ይዙር። የሠራተኛው ጀርባ ግን ባዶ ግድግዳ ላይ ይሁን። መጋዝ እንጨት ሲይዝበት በኃይል ወደ ኋላ ስለሚወረውር፣ ከሠራተኛው ጀርባ ልጅ የሚገባበት በር መኖር የለበትም። ከመጋዙ ኋላ ያለው መቀበያ ጠረጴዛ ከመጋዙ ገጽ 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ካላለ የእንጨቱ ጫፍ ይደነቀርበታል። ያንኑ ገበታ ከጎኑ ወደ ቁመቱ ለማቆም ደግሞ ሰያፉ 2.73 ሜትር ስለሆነ በአሜሪካው የ8 ጫማ ኮርኒስ ሥር አይዞርም። አዳማ ላይ 3.2 ሜትር ማድረግ ይህንንም ሙቀቱንም ያቃልላል።

ወደ ነፋሱ ስንመጣ፣ በአዳማ ዙሪያ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። የመጀመሪያው ጣቢያ 34 ተርባይን፣ ሁለተኛው 102 ተርባይን አላቸው። በሩ በየት በኩል እንደሚሆን ከመወሰኑ በፊት በበጋ ወራት ቦታው ላይ እንጨት ተክሎ ጨርቅ ማሰርና የነፋሱን አቅጣጫ በተለያየ ሰዓት ማየት ያዋጣል፤ በሩ ለነፋሱ ጀርባውን ይስጥ። የአሜሪካው ወደ ላይ የሚከፈት በር ሐዲዱ አቧራ ይይዛል፣ ጣራ ሥር መብራት የሚሰቀልበትንም ቦታ ይበላል። ሁለት ተከፋች ያለው 3 ሜትር ስፋት የላሜራ በር ይሻላል፤ ግን ተከፍቶ ሲቆም የሚያዝበት የወለል መቀርቀሪያና የግድግዳ መንጠቆ ከመጀመሪያው ይበየድለት። ያለዚያ አንድ ብርቱ ነፋስ ማጠፊያውን ይገነጥለዋል።

መሠረቱ ላይ ዴንቨርን መከተል ገንዘብ ማባከን ነው። እዚያ 36 ኢንች፣ 91 ሴንቲ ሜትር፣ የሚቆፈረው አፈሩ በብርድ ቀዝቅዞ መሠረቱን ወደ ላይ እንዳይገፋ ነው። አዳማ ላይ የሚያስፈራው ክረምት ላይ ከኮረብቶቹ የሚወርደው ጎርፍ ነውና ወለሉ ከግቢው 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ከበሩ ፊትም ባለ ፍርግርግ ቦይ ይሠራ። ወለሉን በሙሉ ማዝመም ግን ማሽኑን ያንጋድዳል። የመጨረሻውን አንድ ሜትር ብቻ ወደ በሩ በ1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ዴንቨር ላይ የሰሜን መስኮት ዓመቱን ሙሉ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል፣ የቀትር ፀሐይ ምንጊዜም በደቡብ ናትና። አዳማ ላይ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ስለዚህ በሰሜንም በደቡብም መስኮት ከፍቶ በሁለቱም ወገን ጣራውን 60 ሴንቲ ሜትር ማስረዘም፣ ምሥራቅና ምዕራቡን መድፈን ነው።

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው መብራቱ ላይ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 እና 240 ቮልት፣ 60 ኸርዝ (ኃይሉ በሴኮንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። በሞተራቸው ውስጥ የካርቦን ብሩሽ ያላቸው የእጅ ድሪልና የእጅ መጋዝ በበቂ ትራንስፎርመር ይሠራሉ። ብሩሽ የሌለው ትልቁ የመጋዝ ሞተር ግን ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል፤ በደቂቃ 3,450 ዙር የነበረው ወደ 2,875 ይወርዳል፤ ከዚያም በላይ ይግላል። ሞተሮች ብዙ ጊዜ የሚለኩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ አየር ነው፤ አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ስስ አየሩ ማቀዝቀዙን ይቀንሳል። ከአሜሪካ በኮንቴይነር ከመጫን አገር ቤት ለ50 ኸርዝ የተሠራ ማሽን መግዛት ይሻላል።

ቤቱ ከቆጣሪው ከራቀ የሽቦው ውፍረት ይታሰብ። 30 ሜትር ርቀት ላይ 20 አምፔር ሲሳብ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ወደ 9 ቮልት ያጠፋል፤ ባለ 4 ከሆነ 5.5 ቮልት ያህል። ይህ ጉድለት በነባሩ ደካማ ቮልት ላይ ሲጨመር ሞተሩ ለመነሳት ይቸገራል፣ ጥቅልሉም ይቃጠላል። ለብየዳ ማሽኑ የራሱ መስመርና ብሬከር፣ ለቤቱም የራሱ የመሬት ሽቦ ይኑር። መጋዙ ላይ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ በራሱ የማይነሳ ማብሪያ ይገጠምለት። እጅ ከምላጩ አጠገብ እያለ መብራት ቢመጣ አደጋው ከባድ ነው።

የአዳማ ግቢ ዴንቨር የሌለው አንድ ትልቅ ሀብት አለው፤ እንደ ዴንቨር የሚከመር በረዶ ስለሌለበት ውጭ መሥራት ይቻላል። ስለዚህ ቤቱን አሳንሶ ከጎኑ 3 ሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ ጥላ መዘርጋት ትልቅ ጋራዥ ከመሥራት ይበልጣል። ብየዳና ግራይንደር እዚያ ይሁኑ። አሜሪካ የብየዳ ብልጭታ ከሚቀጣጠል ነገር 11 ሜትር ይራቅ ይላሉ፤ በጠባብ ግቢ ይህ ስለማይገኝ በብየዳውና በሰጋቱራው መካከል ሙሉ የብሎኬት ግድግዳ ይኑር፣ ሰጋቱራውም በየቀኑ ይጠረግ። ኮምፕሬሰሩ ከዚያው ጥላ ሥር ከጎረቤት አጥር በራቀው ጫፍ ይቀመጥ። ጄኔሬተር ካለ ግን ጭሱ ስለሚገድል ከየትኛውም መስኮት ሥር መሆን የለበትም፤ በነፋሱ መውጫ በኩል፣ ከቤቱ ፈንጠር ብሎ የራሱ ትንሽ መከለያ ይሠራለት።