የባቡር ሥራ ፈላጊ ከደመወዙ በፊት ምድቡን ይጠይቅ

በለቡ፣ በሰበታና በቃሊቲ የሚኖሩ ወጣቶች የባቡር ሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ ቀድመው የሚያዩት ደመወዙን ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ቦታው ለቤታቸው መቅረቡን ይጠይቃሉ። በእኔ እምነት ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ በሚመደቡበት ጣቢያ ወይም ዴፖ (ባቡሮች በሚያድሩበትና በሚጠገኑበት ግቢ) ምን ያህል ሥራ አለ የሚለው ነው።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ዴፖዎቹ ቃሊቲና አያት ስለሆኑ ለዳርቻው ነዋሪ ይመቻል። ይሁንና ባለፉት ዓመታት ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት ቆመው ቆይተዋል። የቆመ ባቡርም ለጥገና ባለሙያ ትምህርት ቤት ነው የሚሉ አሉ፤ መለዋወጫ በሌለበት ግን ትምህርቱ ከአንዱ ፈትቶ ለሌላው ከመግጠም ብዙ አያልፍም።

ከሰበታ ተነሥቶ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅቡቲ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ባቡር ጉዳዩ ሌላ ነው። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ከጀመረ በኋላ ለስድስት ዓመታት ያህል በቻይና ኩባንያዎች ሲመራ ቆይቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ሥራው ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች ተላልፏል። በዚህ መስመር በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአቃቂ አቅራቢያ ያለው እንዶዴ ዋናው የጭነት ጣቢያ በመሆኑ ሥራ አይታጣበትም፤ ለባለትዳር የምመርጠውም እሱን ነው። ያላገባ ወጣት ግን ድሬዳዋን ባይፈራ ደስ ይለኛል፤ ከተማዋ ራሷ በባቡር የተቆረቆረች ስለሆነች የሙያውን ወግ የሚያውቅ ሰው አይጠፋባትም። አዋሽና ሚኤሶ ሙቀቱ ይበረታል፤ በቆላው ሐዲድ ላይ ከብትና ግመል መገጨቱ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ መሰረቁም የመስመሩ ሠራተኛ የሚያውቀው ፈተና ነው።

ቅርብ የሚባለውም ቢሆን ሁልጊዜ ቅርብ አይደለም። ቤቱ ሰበታ ሆኖ እንዶዴ የተመደበ ሠራተኛ ፈረቃው ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚጀምር ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት ታክሲ ስለማያገኝ፣ የድርጅት ሰርቪስ ከሌለ ወይ እዚያው አካባቢ ቤት መከራየት ወይ በየጊዜው ማርፈድ ግድ ይሆንበታል። የቤት ኪራዩ ሲቀነስ ያ ያጓጓው ደመወዝ ምን ያህል እንደሚቀረው አስቀድሞ ማስላት ይገባዋል።

ቀጣሪዎችም ምድቡ ከሥልጠና በኋላ ይገለጻል ብለው ማለፍ የለባቸውም። የሚመደብበትን ጣቢያ፣ ሰርቪስ መኖር አለመኖሩን፣ የበረሃ አበሉን መጠንና ዝውውር የሚጠየቅበትን ጊዜ አመልካቹ ውል ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ሊያውቅ ይገባል።