ታማሚ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም

አሁንስ በቃኝ። ዛሬ በመሐል አዲስ አበባ በሚገኝ የመንግሥት የአእምሮ ሕክምና መስጫ ውስጥ፣ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ታላቅ ወንድሜን የሸሚዙን እጅጌ ይዞ እየጎተተ «አንተ እብድ፣ ተቀመጥ ተብለሃል!» ሲለው፣ ካርድ ስትደረድር የነበረችው ነርስ ቀና ብላ እንኳ አላየችም። ወንድሜ ለዓመታት ሒሳብ ያስተማረ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አንቱ የሚለው ሰው ነው። ታምሞ መምጣቱ ክብሩን በር ላይ ጥሎ እንዲገባ ያስገድደዋልን?

ሃሎፔሪዶል የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው አንገቱ ሊጣመም፣ መንጋጋው ሊቆለፍ፣ እጁ ሊንቀጠቀጥ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ማስታገሻ መድኃኒትም አለው። ታዲያ ወንድሜ አንገቱን በእጁ ደግፎ «ደረቀብኝ» ሲል «አታስመስል» ብሎ መመለስ ከየትኛው የሕክምና ትምህርት የተገኘ ነው? ሐኪሙስ ቢሆን ታማሚውን አንድም ጊዜ ሳያናግር፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳይነቅል፣ የቀድሞውን መድኃኒት መልሶ ጽፎ የሚያሰናብተው ምን መርምሮ ነው?

የባለሙያ እጥረት አለ፤ የሥራው ጫናም ከባድ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን እጥረት ስድብን አይወልድም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን ሲከለክል የአእምሮ ሕሙማንን ለይቶ አላስቀረም።

አቤቱታ የሚቀበል ሰው ስፈልግ ያገኘሁት መልስ «ካልተመቻችሁ ወደ ግል ውሰዱት» የሚል ነበር። በጡረታ አበል የሚኖር ሰው በየትኛው ገንዘብ ነው ወደ ግል የሚሄደው?