«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ያለው ማን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ የሞተር መለዋወጫ የሚገዛ ሰው ከመደርደሪያው በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ማንበብ ለምዷል። ወረቀቱ ያለ ማኅተም እንደ ሕግ ይከበራል።

ሕጉ ግን ሌላ ይላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ቅር የሚለኝ፣ አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ግለሰብ መሆኑ ነው። በባጃጅ የሚተዳደረው ሾፌርና መንገደኛ ወደ ዘጌ የሚያመላልሰው ባለጀልባ «እናንተማ ለሥራ ነው የገዛችሁት» ቢባሉ ክርክሩ አይቀልላቸውም። ያኔ የሚቀራቸው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እሱም ቢሆን ክፉ አይደለም፤ ሻጩን ለጉድለት ተጠያቂ ያደርጋል፣ ጉድለቱን አውቆ በተንኮል ከደበቀ ደግሞ «ኃላፊ አልሆንም» የሚል የውል ቃል እንኳ አያድነውም።

ገዢው የሚሸነፈው ግን ፍርድ ቤት ሳይደርስ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሻጩ «የገጠመው ሰው ነው ያበላሸው» ይላል፤ መካኒኩ «ዕቃው ኮፒ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ከመገጠሙ በፊት መለካት የሚያስፈልገው። ለምሳሌ የፒስተን ፋሻ (ሲሊንደር ውስጥ የሚመላለሰውን ፒስተን የሚከብ የብረት ቀለበት) ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ ይገባና በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት በስስ የብረት መለኪያ ይለካል። ከሰፋ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው ጋዝ) ያመልጣል፣ ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ከጠበበ ፋሻው ሲግል ይለጠጥና ጫፎቹ ይገጥማሉ፣ ሲሊንደሩም ይቧጠጣል። የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ስንቱ ጋራዥ ይዘለዋል! ባጃጅ ቢቆም ተገፍቶ ዳር ይወጣል። ጣና መሃል ሞተሩ የጠፋ ጀልባ ግን መንገደኛ እንደጫነ ለነፋስ ይተዋል።

መካኒኩ ከሱቁ ኮሚሽን የሚያገኝ ከሆነ (የአደባባይ ምስጢር ነው) ምስክርነቱን ማን ያምናል? የከተማው ንግድ መምሪያ ከሁለቱም ያልወገነ ለኪ ሊያዘጋጅ ይገባል፤ የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ የአውቶሞቲቭ ክፍል በመጠነኛ ክፍያ ለክቶ ውጤቱን በጽሑፍ ቢሰጥ ግማሹ ጠብ እዚያው ያልቃል። ደረሰኝ ላይም «መለዋወጫ» ብሎ ማለፍ ይቅር። የዕቃው ስም፣ የሠራው ፋብሪካና መለያ ቁጥሩ ካልሰፈረበት፣ የትኛው ፋሻ ከየትኛው ሱቅ እንደወጣ ዳኛውም ሊያውቅ አይችልም።