ሚኒ ቡሊ፦ ሳይቸግር ጤፍ ብድር

ባለፈው እሁድ እዚህ ለንደን ቡና ተጠርተን ሄድን። ሁለተኛው ላይ አንድ ወዳጃችን ስልኩን አውጥቶ የቡችላ ፎቶ አሳየን። ደረቱ ሰፊ፣ እግሩ አጭር፣ ፊቱ ከግድግዳ ጋር የተጋጨ የሚመስል። "ሚኒ ቡሊ" ነው አለን፤ አሜሪካን ቡሊ ከፈረንሳይ ቡልዶግ የተዳቀለ። ቀብድ ሊከፍል ነው። "የተከለከለው ኤክስ ኤል የሚባለው ትልቁ ቡሊ ነው። ይሄ ትንሽ ነው፣ ደሞ ቅልቅል ነው። ሕግም በሽታም አይነካውም" አለ፣ በሙሉ ልብ።

ቡናው ትን አለኝ።

ከበሽታው ልጀምር። "ቅልቅል ውሻ ጤነኛ ነው" የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አገር ቤት ግቢያችንን ሲጠብቅ የኖረው ቡቺ ዘሩ ከምን እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበር። ትራፊ በልቶ፣ ዝናብ ላይ አድሮ፣ ሐኪም የሚባል ሳያይ አረጀ። ግን ቡቺ አፍንጫ ነበረው! መቀላቀል የሚጠቅመው አንዱ የጎደለውን ሌላው ሲሞላለት ነው። ፊተ አጭር ከፊተ አጭር ጋር ሲዳቀል ምን ይወለዳል? ሁለት ባለዕዳዎች ስለተጋቡ ዕዳው ይሰረዛል እንዴ?

የአጭር ፊት ነገር እንዲህ ነው። አርቢው መልኩ እንዲያምርለት እየመረጠ ሲያዳቅል የራስ ቅሉ በየትውልዱ ያጥራል። አጥንቱ ያጥራል እንጂ ውስጡ ያለው ሥጋ አብሮት አያጥርም። ምላሱ አፉን ይሞላዋል። ላንቃው ከኋላ ይተርፍና የአየር ቧንቧው አፍ ላይ ይጋረዳል። የአፍንጫው ቀዳዳ ጠቦ ጠቦ ስንጥቅ ይሆናል። ሐኪሞች በአጭሩ ቦአስ ይሉታል። እኔ መታነቅ እለዋለሁ። የማያምነኝ ካለ አፍንጫውን በሁለት ጣት ይያዝና በለስላሳ መጠጫ ስትሮ እየተነፈሰ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ይውጣ። ከዚያ እንነጋገራለን።

ደግሞ ውሻ እንደ እኛ ገላውን አያልበውም። ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። የሚያለከልክበት መንገድ የጠበበ ውሻ ሙቀቱ ውስጡ ይቀራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ውሻ በሞቃት ቀን ትንሽ የእግር ጉዞ የሞት ጉዞ ሊሆን ይችላል። "እንግሊዝ ፀሐይ የታለና?" የሚለኝ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ለንደን 40 ዲግሪ ማለፏን ረስታችሁት ነው?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ሳቁ ነው። ውሻው ሶፋ ላይ ተዘርግቶ ያንኮራፋል። ባለቤቱ ቪዲዮ ይቀርፃል። ሰዉ የሳቅ ምልክት ይደረድራል። አየር አጥቶ የሚታገል ፍጡር ላይ ነው የምትስቁት! እዚሁ ለንደን የሮያል ቬተርነሪ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጥናት፣ የመተንፈስ ችግር ምልክት ከሚታይባቸው ውሾች ባለቤቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት "ውሻዬ የመተንፈስ ችግር የለበትም" ብለው ነበር። ዝርያው እንዲህ ነው፣ ተፈጥሮው ነው ይላሉ። ተፈጥሮ ምን አደረገች? ሰው የሠራውን በተፈጥሮ ማላከክ ይብቃ።

መፍትሔ የለም እንዳይባል፣ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የውሻ ዝርያ መዝጋቢው ኬኔል ክለብ በ2019 ለቡልዶግ፣ ለፈረንሳይ ቡልዶግና ለፓግ ያስጀመሩት ምርመራ አለ። ሐኪሙ የውሻውን አተነፋፈስ ያዳምጣል፣ ሦስት ደቂቃ ያህል ሶምሶማ ያስሮጠዋል፣ እንደገና ያዳምጣል። አለቀ። ሻጩን "የፈረንሳይ ቡልዶጉ ወላጅ ውጤት የታለ?" ማለት ከባድ ነው? ፎቶ ላይ ልብ የሚያርፈው ግን በቀለሙ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። መንግሥት በሴንቲሜትር ሕግ ሲያወጣ ነጋዴውም በሴንቲሜትር አመለጠ። "ፖኬት" አለ፣ "ሚኒ" አለ፣ "ማይክሮ" አለ። ከ2004 ጀምሮ ቡሊ የሚመዘግበው የአሜሪካው ማኅበር ፖኬትን ያውቃል፤ ማይክሮ የሚባል ክፍል ግን የለውም። የገበያ ስም ነው። የስምንት ሳምንት ቅልቅል ቡችላ ሲያድግ የት እንደሚቆም ሻጩም አያውቅም። አያቱ ኤክስ ኤል ከሆነስ? እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ወንዱ ትከሻው ላይ 51 ሴንቲሜትር፣ ሴቷ 48 ከደረሱና ቅርጻቸው ከመግለጫው ጋር ከገጠመ ኤክስ ኤል ናቸው። ሕጉ የሻጭ ወረቀት አያነብም፤ ሜትር ይዞ ነው የሚመጣው። ያለ ፈቃድ ወረቀት መያዝ ከየካቲት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወንጀል ሆኗል። "አላወቅኩም፣ ሚኒ ነው ብለውኝ ነበር" ብሎ ለፖሊስ ማስረዳት ነው እንግዲህ።

ትንሽ ሆኖ ቀረ እንበል። መንጋጋው ግን የቡሊ ነው። ማንኛውም ውሻ፣ ዝርያው ምንም ይሁን፣ ከቁጥጥር ወጥቶ ሰው ካስፈራ ወይም ከነከሰ ባለቤቱ ይጠየቃል። ከ2014 ወዲህ ደግሞ በራሱ ቤት ውስጥም ጭምር። ሰው ከሞተ እስከ 14 ዓመት እስር ያደርሳል። "አይነካውም" ያለው ማን ነበር?

ጆሮው ተቆርጦ ከመጣማ ባትጠይቁም ይሻላል። እዚህ አገር ለቁንጅና ጆሮ መቁረጥ ክልክል ነው።

ጤነኛ ቡሊ የለም አላልኩም። አንድ አውቃለሁ፤ አፍንጫው ረጅም ነው፣ ማንም "ሚኒ" ብሎት አያውቅም።

ወዳጄ ተኮሳተረብኝ። "አንተ ደግሞ ደስታ አትወድም" አለኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ አልኩት። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፦ እናቱን ሳታይ እንዳትከፍል፣ ስትራመድ አተነፋፈሷን ስማ። ይህ ደግሞ የእኔ ምክር ብቻ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ነጋዴ ቡችላ መሸጥ የሚችለው ራሱ ያራባውን ነው፤ ሲያሳይም ከእናቱ ጋር መሆን አለበት።

እዚያው ተቀምጠን ለሻጩ ጻፈለት። ሦስተኛው ቡና ሳይቀዳ መልሱ መጣ፦ "እናትየዋ ሌላ ቤት ናት። እስከ ማክሰኞ ቀብድ ካላስገባህ ሌላ ሰው ይወስደዋል።"