በመስኮት የተሰናበቱ

እንግሊዝኛ ውስጥ «ዲፈነስትሬት» የሚባል ግስ አለ። ሰውን በመስኮት መወርወር ማለት ነው። ስንቴ ቢወራወሩ ነው ለዚህ ብቻ ግስ ያስፈለጋቸው?

ጣጣው የመጣው ከፕራግ፣ ከዛሬዋ የቼክ ዋና ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1419 የተቆጣ ሕዝብ የማዘጋጃ ቤት ሹማምንትን በመስኮት ወረወረ። ዝነኛው ግን የ1618ቱ ነው። የፕሮቴስታንት መኳንንት ፕራግ ቤተ መንግሥት ገቡና የካቶሊኩን ንጉሥ ሁለት እንደራሴዎች፣ ስላቫታንና ማርቲኒትስን፣ በመስኮት ለቀቋቸው። ጸሐፊው ፋብሪሲየስም ተከተለ። እሱ ደግሞ ምን አደረገ? ቃለ ጉባኤ ያዥ! ግን አለቃ ሲወድቅ ጸሐፊ ቆሞ የቀረበት መሥሪያ ቤት እኔም አላየሁም።

ከፍታው 21 ሜትር ገደማ ነው፣ እንደኛ ኮንዶሚኒየም ቢቆጠር ሰባት ፎቅ። ሦስቱም ተረፉ። ካቶሊኮቹ «እመቤታችን ናት ያተረፈቻቸው» አሉ። ፕሮቴስታንቶቹ «የወደቁት ፍግ ላይ ነው» አሉ። የሚያስታርቅ ሽማግሌ አልተገኘም መሰለኝ፣ በዚሁ ሰበብ የተነሣው ጦርነት 30 ዓመት ፈጀ። ፋብሪሲየስ ግን አተረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ መኳንንት ተርታ አሰልፎት «ፎን ሆሄንፋል» ተባለ። «ባለ ረጅሙ አወዳደቅ» እንደ ማለት ነው። ዘንድሮ ቢሆን ቢዝነስ ካርዱ ላይ ያሳትመው ነበር።

እኔን የገረመኝ ቃሉ ነው። እንግሊዝኛ ለመስኮት «ዊንዶው» የሚል ቃል አለው፤ ከጥንቱ የስካንዲኔቪያ ቋንቋ የመጣ ነው፣ ትርጉሙም «የነፋስ ዓይን»። እንዴት ያምራል! ሰው ሲወረወር ግን ይህን ትተው «ፌኔስትራ» የሚለውን የላቲን መስኮት ከፈቱ። ነውር በላቲን ሲነገር ጨዋ ይመስላላ።

እኛስ? ጓደኛዬን ከሥራ ሲያባርሩት ደብዳቤው «ተባረዋል» አላለውም። «ከሥራ ተሰናብተዋል» ነው የሚለው። ማኅተም አለው፣ ግልባጭ አለው። ቡና ላይ አውጥቶ አነበበልኝ።

«ማንን ነው የተሰናበትኩት?» አለ። «ዘበኛው እንኳ ቻው አላለኝም።»

የፕራጉን ታሪክ አጫወትኩትና «ቢሮህ ስንተኛ ፎቅ ነበር?» አልኩት።

«ስምንተኛ።»

«በየት ወጣህ?»

«በደረጃ ነዋ፣ ሊፍቱ መቼ ይሠራል!»

«በል ተመስገን በል» አልኩት። ቡናውን ግን እኔ ከፈልኩ።